ያልተቀባው ስንዝር

ሌይዘር ነበር ጌታዬ፣ ሰሌዳ ጸሐፊ፤
እኔ ቀለም ያዧ፣ መሰላል ደጋፊ።
ከፕሩት ወንዝ በላይ፣ ቼርኖቪትስ ከተማ፣
ሦስቴ ወረደና ሦስቴ ወጣ ዓላማ።
የንጉሥ አደባባይ የነበረው ስሙ
የጄኔራል ሆነ፤ ከዚያም ደግሞ ዞሮ
የነፃነት ተባለ፣ ሳይደርቅ ቀለሙ።

ሌይዘር አይጠይቅም፣ ያዘዙትን ይጽፋል፤
ብሩሹን ነክሮ አንሥቶ ጠብታውን ያራግፋል።
ከመሰላሉ ጫፍ ቁልቁል እያየኝ ግን
እንዲህ ይለኝ ነበር፦
«ዶምኒካ፣ ልብ በዪ የግንብን ትዕግሥቱን፤
የሻረውን ሁሉ ከሥር ያሳይሻል
ዝናብ ሲያጥብ ፊቱን።»

ቤቱ ውስጥ፣ ከበሩ ትይዩ ግድግዳ
አንዲት ስንዝር አለች ኖራ ያልነካት፣
ጡቧ የገጠጠ፣ ያልተከፈለ ዕዳ።
«ለምን አትቀባትም?» አልኩት አንድ ማለዳ።
«ቤተ መቅደሱ ፈርሶ ሙሉ ቤት የለኝም፤
ንጉሡ እስኪመጣ ቀለም አልጨርስም።»

ሐሙስ ሐሙስ ማታ ደወሉን ደውሎ
ኦኑፍሪ ይመጣል፣ ጎረቤት ክርስቲያን፣
የፕሪም አረቄውን በጋዜጣ ጠቅልሎ።
«መጥቷል!» ይላል እርሱ፣ «እርሾ ሆኖ መጥቷል፤
ዱቄቱን አትጠይቅ፣ ሌሊቱን ይቦካል።»
«ቦክቶ ከሆነማ» ይላል ሌይዘር ስቆ፣
«ሰው ለምን ይራባል ዳቦ ቤት ፊት ወድቆ?
ተኩላ ከጠቦት ጋር በሰላም ያድራል
ብለዋል ነቢያት። እኔ የማየው ግን
ተኩላው ማኅተም ይዞ ጠቦት ይመዘግባል።»

እኔ ልጅ ነበርኩኝ፤ መንግሥት ሲባል የማውቀው
ሰልፍ ነው፣ ግብር ነው፣ ቡትስ ያጠለቀ ወታደር፤
የሰማዩም ቢሆን
ደጁ ላይ ዘበኛ ያለው ይመስለኝ ነበር።
«ድንበሩስ በየት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።
ሳቁ ሁለቱም፤ ያን ምሽት ብቻ
አንድ ሆነ ቃላቸው፦
«በካርታ አትፈልጊው፤ አገር አይደለም እኮ፣
መንገሥ ነው፤ ስም ሳይሆን ግስ ነው።»
ሌይዘር ቀጠለና፦ «ዓይኔን በመዳፌ
ጠዋት ጠዋት ሸፍኜ 'አንድ ነህ' ስለው፣
ቀንበሩን አነሣሁ፤ ያኔ ነገሠ ማለት ነው።»
ኦኑፍሪ ብርጭቆውን እያየ ቆይቶ፦
«እኔም 'ትምጣ' እላለሁ በየቀኑ፤
መጥታ ግን ጓዳዬን እንዳታይ፣
እፈራለሁ እውነቱን።»

በመከር ወር ማብቂያ ትእዛዝ መጣ ከሹም፦
ሠላሳ ሰሌዳ፣ እስከ ሰኞ ድረስ፣
ለመናፈሻው በር፣ ለዳቦ ቤቱ ደጅ፤
እነሌይዘር እንዳይገቡ
ይጻፍ በሌይዘር እጅ።

ሠላሳውን ጣውላ ነጭ አድርጎ ቀባ፤
ሁለተኛ ደረበ፣ ሦስተኛም ደገመ፤
ሰኞ ዕለት ሹሙ ሊረከብ ሲገባ
ፊደል የሌለበት ሠላሳ ጣውላ ቆመ።
«ጽሑፉስ?»
ሌይዘር ዝም ብሎ ቀኝ እጁን አነሣ፤
ቀለም ያረጠበው መዳፉን ዓይኑ ላይ
አሳረፈ፣ እንደ ጠዋቱ።

ባቡሩ ዲኒስተርን ተሻገረ በኅዳር።
ያን ዕለት ኦኑፍሪ ገመዱን አልነካም፤
ቄሱም ቢቆጡት መልስ አልሰጠም ነበር።
ከዚያ ወዲህ ግን ዳቦ እየሸጎጠ
የደወሉን ማማ ሁለት ክረምት ሙሉ
በጨለማ ወጣ።
«ለርግቦች ነው» ይላል ሰው ሲጠይቀው።
በሦስተኛው ክረምት ርግቧ ወረደች፤
ፍሬይዴ ትባላለች፣ የሌይዘር እህት ነች።
መራመድ ረስታ ግንቡን ይዛ ሄደች።

አዲሱ መንግሥትም ቤት ሊቆጥር ላከ።
መዝጋቢው ወጣት ነው፤ ክፍሉን ሁሉ ለካ፤
ከበሩ ትይዩ ያቺን ባዶ ስንዝር
በእርሳሱ ጫፍ ነካ።
«ይህቺስ ለምን ቀረች?»
ፍሬይዴ አየችኝ፤ ኦኑፍሪም አየኝ፤
«መጥቷል» አላለ እርሱ፣ «ይመጣል» አላለች።
«ባለቤቱ ገና ነው» አልኩት እኔ።
አንገቱን ነቀነቀ፤ መዝገቡን ገልጦ
ጻፈ፦ «ያላለቀ ቤት»።